ከሳህኑ ጀርባ «ዌጅዉድ ኤንድ ኮ» ይላል፤ የትኛው ዌጅዉድ ነው?

የሊድሷ፦ ሰላም ናችሁ? ቅዳሜ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ዝርግ ሳህንና አንድ ጆግ በ15 ፓውንድ ገዛሁ። ሳህኑ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው፣ ወፎችና አበቦች አሉበት። ጀርባው ላይ «ኤዥያቲክ ፌዛንትስ» የሚል የሥዕሉ ስም፣ ከሥሩ ደግሞ «ዌጅዉድ ኤንድ ኮ» ይላል። ሻጩ የታላቁ እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ የዌጅዉድ ሥራ ነው፣ 200 ዓመት አልፎታል ብሎ ምሎ ተገዘተ። ጆጉ ስም የለውም፤ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ምልክት ብቻ። ተሸወድኩ ወይስ ቀናኝ? ሳህኑ ቡናማ ነገር ስለያዘው ዛሬ ማታ በረኪና ውስጥ ልዘፈዝፈው ነው።

ሸክላ ወዳድ፦ ኧረ እህቴ፣ በረኪናውን ተዪው! ላዩ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ካለው በዚያ ገብቶ ልባሱን፣ ያን ብርጭቆ መሰል ሽፋን፣ ቀስ በቀስ ያስነሳዋል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቢው፣ የቀረው እድፍ ይቅር።

ጋሽ ጀበና፦ «ኤንድ ኮ» (እና ኩባንያው) የምትለዋን አትለፊያት፣ ነገሩ ያለው እሷ ላይ ነው። ታላቁ ዌጅዉድ የሚባለው ጆሳያ ዌጅዉድ፣ በ1759 እንግሊዝ አገር ስቶክ አካባቢ በርዝለም በምትባል ከተማ ውስጥ ሥራ የጀመረው ሰው ነው፤ የእሱ ቤት ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ «ዌጅዉድ» ብቻ ተብሎ ሸክላው ላይ ተጭኖ ይገኛል። ያንቺው እዚያው ስቶክ አካባቢ፣ ተንስቶል በምትባል ከተማ የነበረ ሌላ ድርጅት ሥራ ነው። መጀመሪያ ፖድሞር ዎከር ይባል ነበር። ከሸሪኮቹ አንዱ ኢኖክ ዌጅዉድ ስለነበር በ1860 ገደማ በእሱ ስም ተጠራ፣ ስሙም እንደምታዪው ለገበያ አልጎዳውም። ስለዚህ 200 ዓመት አይሆንም። «ኢንግላንድ» የሚል ቃል አለበት?

የሊድሷ፦ የለበትም ጋሼ፣ በማጉያ መነጽር ሳይቀር አየሁት።

ጋሽ ጀበና፦ ጥሩ። አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም ይጻፍበት ስላለች ብዙ ፋብሪካዎች «ኢንግላንድ» ማለት ጀመሩ። ከሌለበት ከዚያ በፊት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ግን እዚያው አገር ውስጥ ለሚሸጥ ዕቃ ግዴታ ስላልነበር ይህን ብቻ ይዘሽ አትማዪ። «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» ቢል ኖሮ ደግሞ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው እልሽ ነበር።

የማንችስተር ልጅ፦ የጆጉን ለእኔ ተዉልኝ። አልማዙ ንድፉ የተመዘገበበት ምልክት ነው፣ ከ1842 እስከ 1883 ይሠራበት ነበር። አናቱ ላይ ያለው የሮማ አራት ቁጥር የሸክላ ዕቃ ማለት ነው። ዓመቱን የሚያመለክተው ፊደል እስከ 1867 ድረስ ከላይ፣ ከአራት ቁጥሩ ሥር ነበር፤ ከ1868 ወዲህ ወደ ቀኝ ጥግ ሄደ። ያንቺው ቀኝ ጥግ ላይ ምን አለ?

የሊድሷ፦ «ጄ»። ከላይ፣ ከአራት ቁጥሩ ሥር፣ ፊደል ሳይሆን ሌላ ቁጥር ነው ያለው።

የማንችስተር ልጅ፦ እንግዲያው 1880 ነው። «ጄ» ከላይ ብትሆን 1854 ይሆን ነበር። ልብ በይ፣ ይሄ ንድፉ የተመዘገበበት ዓመት ነው፤ ጆጉ ራሱ ከዚያ በኋላ ሊሠራ ይችላል።

ሸክላ ወዳድ፦ አንድ ነገር ልጨምር። የሳህኑ ሥዕል በእጅ የተሣለ ሳይሆን ከመዳብ ሰሌዳ በስስ ወረቀት ተገልብጦ የተለጠፈ ነው። የወረቀቱ ጫፎች የተገናኙበትን ጠርዙ ላይ ፈልጊው፣ ጌጡ አንድ ቦታ ላይ ይዛነፋል።

የሊድሷ፦ አገኘሁት! አንዷ አበባ ግማሿ የለም፣ እኔ እኮ ተፍቆ መስሎኝ ነበር። በረኪናውም ወደ መታጠቢያ ቤቱ ተመልሷል።