ለጥምቀት ባሕር ዳር፦ ኪስ የማይጎዳ አልጋ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገን። ለጥምቀት እናቴን ይዤ ባሕር ዳር ልሄድ ነው፤ ሦስት ሌሊት። ስልክ ላይ ያየሁት ዋጋ ራስ ያዞራል። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ አትወጣም። ጣናን ማየት ግን አጥብቃ ትፈልጋለች። ምን ትሉኛላችሁ?

የጣና ልጅ፦ እህቴ፣ ሐይቁን ከመስኮት ለማየት ብለሽ አትክፈዪ። ገባ ያለ ሰፈር ፔንሲዮን ያዢ፣ ጠዋት በባጃጅ ሐይቁ ዳር ትወርዳላችሁ። ስትደውዪ ግን "ቫትና ሰርቪስ ያካትታል ወይ?" በዪ። እኔ አምና ሳልጠይቅ ገባሁ። 1000 ብር የተባልኩት ክፍል ስወጣ 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ተጨምሮበት 1265 ሆነ። በሌሊት ነው እንግዲህ! አራት ሌሊት አድሬያለሁ። ብጨቃጨቅም ዋጋ አልነበረውም፣ ሳልጠይቅ የገባሁት እኔ ነኝ። ለእናትሽ ምድር ቤት ያለ ክፍል ጠይቂ። አጎበር መኖሩንም እዪ፣ የሐይቅ ዳር ትንኝ ቀልድ አያውቅም።

ሌላ መላሽ፦ ጥር 11ን ካልያዝሽ ዋጋው ይለዝባል። ከያዝሽ ግን ቀብድ ላኪና ደረሰኙን አስቀምጪ። ጀልባ ለብቻ አትከራዪ፣ ከሌሎች ጋር ተጋሩ። ሐይቁ ውስጥ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፣ እንዳትደክሙ። ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ግን ትገባላችሁ፣ ከጀልባው ከወረዳችሁ በኋላ ዳገት አለው እንጂ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ዳገቱን ለእማዬ ስነግራት "ለኪዳነ ምሕረትማ በዱላም ቢሆን እወጣለሁ" አለች። ደረጃ አልችልም ያለችው ሴትዮ!