የሽንት ናሙናው ግራ አጋባኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰዎች ለቢስፌኖል ኤ (በአንዳንድ ፕላስቲኮች ውስጥ ለሚገኝ ኬሚካል) ምን ያህል እንደተጋለጡ በሽንት ምርመራ እየለካሁ ነው። አንድ ነገር ግን አላራምድ ብሎኛል።

የአንዲት እናት የጠዋት ሽንት ደመቅ ያለ ቢጫ ነው፤ የከሰዓቱ ግን ቁርጥ ውሃ። የኬሚካሉ መጠንም ከሰዓት በብዙ እጥፍ አነሰ። ውሃ ጠጥታ ቀጥኖ ይሆናል ብዬ ለክሪያቲኒን (ሰውነት በሽንት ለሚያስወግደው ተረፈ ምርት) መጠን አካፈልኩት። ልዩነቱ ጠበበ፤ ደስ አለኝ። ችግሩ፣ ክሪያቲኒን የሚመጣው ከጡንቻ ነው። ሕፃናትና አረጋውያን ላይ ያንሳል፤ ሳካፍል የእነሱ መጋለጥ ተጋኖ ይታያል። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

በዚያ ላይ ቢስፌኖል ኤ በ24 ሰዓት ውስጥ አብዛኛው ይወጣል። አንድ ናሙና የወሩን አይነግረኝም።

በክሪያቲኒን ፈንታ የሽንቱን አንጻራዊ እፍግታ (ከውሃ አንጻር ምን ያህል እንደሚከብድ) ልጠቀም? ወይስ ለተከታታይ ቀናት ናሙና ልሰብስብ? የሠራችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ። የተሳሳተ ቁጥር ሰጥቼ ወላጆችን ማስደንገጥ አልፈልግም።