ሚስቲ ኮፕላንድ ዋና ዳንሰኛ ለመሆን ለምን 14 ዓመት ፈጀባት?

ጥያቄ፦ የመድረክ ወዳጅ

ጤና ይስጥልኝ። ጥቁር አሜሪካዊቷ የባሌት ዳንሰኛ ሚስቲ ኮፕላንድ በኦክቶበር 2025 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ከኒውዮርኩ የባሌት ቡድን ከአሜሪካን ባሌት ቲያትር መድረክ በይፋ ከተሰናበተች ወዲህ የሥራ ዘመኗን ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር አልገባኝም። የቡድኑን አጃቢ ዳንሰኞች የተቀላቀለችው በ2001 ሲሆን፣ ዋና ዳንሰኛ የተባለችው ግን በ2015፣ በ32 ዓመቷ ነው። ኩባዊው ካርሎስ አኮስታ በአንጻሩ ይህንኑ ማዕረግ በሂውስተን ባሌት ያገኘው በ1993፣ ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ ነበር። ባሌት በወጣትነት ጉልበት የሚሠራ ጥበብ ከሆነ ይህን ያህል ልዩነት ከየት መጣ? ምክንያቱ የቆዳ ቀለም ብቻ ነው ወይስ በማዕረጉ አሰጣጥ ውስጥ ሌላም ነገር አለ?

መልስ፦ ከአዳራሹ ኋላ ወንበር

ከሂውስተን ጋር ከማወዳደር ይልቅ እዚያው ኒውዮርክ የነበረውን ማየት ይሻላል እላለሁ። በአሜሪካን ባሌት ቲያትር ሦስት እርከኖች አሉ፤ በኅብረት የሚደንሱት አጃቢዎች፣ ለብቻ የሚደነሱ ሚናዎች የሚሰጣቸው ሶሎይስቶችና ከሁሉ በላይ ያሉት ዋና ዳንሰኞች። በፓሪስ ኦፔራ አምስት እርከኖች ሲኖሩ፣ ዳንሰኞቹ ለረጅም ዘመን ከአንዱ ወደ ሌላው ይወጡ የነበረው በዳኞች ፊት በሚደረግ ዓመታዊ ውድድር ነው፤ ያለ ውድድር የሚሰጠው «ኮከብ» የሚባለው የመጨረሻው ማዕረግ ነው። በኒውዮርክ ግን ውድድር የሚባል ነገር የለም። የሚወስነው የጥበብ ዳይሬክተሩ ነው፤ በኮፕላንድ ዘመን ይህን ኃላፊነት የያዘው ኬቨን ማኬንዚ ነበር።

ቦታውም ውስን ነው። አርጀንቲናዊቷ ፓሎማ ሄሬራ በ1995፣ በ19 ዓመቷ ዋና ዳንሰኛ ሆና እስከ 2015 ድረስ ማዕረጉን ይዛ ቆይታለች፤ ጁሊ ኬንትም ከ1993 ጀምሮ እስከዚያው ዓመት ድረስ። ሁለቱ ከሌላዋ ዋና ዳንሰኛ ከሲዮማራ ሬየስ ጋር በአንድ የትርኢት ወቅት ተሰናበቱ፤ ኮፕላንድም የተሾመችው በዚያው ወቅት ማብቂያ ላይ፣ ጁን 30 ቀን ነው። ይህን እንደ ተራ ግጥጥሞሽ ልቆጥረው አልችልም።

መልስ፦ ሰብለ

የቦታውን ጥበት አልክድም፤ ነገር ግን ጉዳዩን በዚያ ብቻ ማስረዳት ትልቁን ነገር ይሸፍነዋል። ቡድኑ በ2015 የ75ኛ ዓመት በዓሉን እስካከበረበት ጊዜ ድረስ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ሴት እንኳ ዋና ዳንሰኛ ሆና አታውቅም። ከወንዶች ዴዝመንድ ሪቻርድሰን በ1997 እዚያ ማዕረግ ደርሶ ነበር። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ብዙ ወንበሮች ተለቀዋል፤ ከተለቀቁት መካከል አንዱም ለጥቁር ሴት አልደረሰም። ሎረን አንደርሰን በሂውስተን ባሌት ዋና ዳንሰኛ የሆነችው በ1990 ነውና ብቃት ያላት ጥቁር ዳንሰኛ አልነበረችም ማለት ከቶ አይቻልም። ከእርሷም በፊት ሬቨን ዊልኪንሰን ነበረች፤ በ1955 ባሌት ሩስ ደ ሞንቴ ካርሎ የተባለውን ቡድን ተቀላቅላ ስትሠራ፣ በደቡባዊ አሜሪካ በሚደረጉ ጉዞዎች ኩ ክለክስ ክላን በተባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን ዛቻ ምክንያት መድረክ ላይ መውጣት አዳጋች ሆኖባት ነበር። ኮፕላንድ በጁን 2015 በሜትሮፖሊታን ኦፔራ አዳራሽ «ስዋን ሌክ» የተባለውን ባሌት ስትደንስ አበባ ይዘው መድረክ ላይ የወጡት እነዚሁ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ይህ በአጋጣሚ የሆነ ሥነ ሥርዓት አልነበረም።

የመድረክ ወዳጅ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ የጉዳቷስ ድርሻ ምን ያህል ነበር?

መልስ፦ የዳንስ መምህር

ቀላል አልነበረም። ኮፕላንድ ባሌት የጀመረችው በ13 ዓመቷ ነው፤ ይህ ለሙያው እጅግ ዘግይቶ መጀመር ነው። ቡድኑን በተቀላቀለችበት ጊዜ የታችኛው የጀርባ አጥንቷ ተሰንጥቆ ለአንድ ዓመት ያህል ከመድረክ ርቃለች። በ2012 ደግሞ ገና ሶሎይስት ሳለች አሌክሲ ራትማንስኪ ባቀናበረው «ፋየርበርድ» በተባለ ባሌት የመሪነቱን ሚና አግኝታ፣ በኒውዮርክ ለአንድ ምሽት ብቻ ከደነሰች በኋላ የቅልጥም አጥንቷ በበርካታ ቦታ መሰንጠቁ ታወቀና በዚያው ዓመት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ዋና ዳንሰኛ ምሽቱን በሙሉ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ነው። በ«ስዋን ሌክ» አንዲቷ ዳንሰኛ ነጯንም ጥቁሯንም ወፍ ሆና ትጫወታለች፤ በሦስተኛው ክፍል በአንድ እግር ጣት ላይ ቆማ 32 ጊዜ ትሽከረከራለች፤ ከዚያም ተመልሳ በተሰበረ ልብ ነጯን ወፍ ኦዴትን መሆን ይጠበቅባታል። ከእንዲያ ያለ ጉዳት የተመለሰ ሰውነት ይህን ሁሉ እንደሚችል ዳይሬክተሩ እስኪያምን ድረስ ወራት ሳይሆን ዓመታት ያልፋሉ።

ብዙ ሰው ልብ ያላለውን አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ጁን 30 ቀን ከኮፕላንድ ጋር የተሾመችው በማኒላ የተወለደችው ስቴላ አብሬራ ቡድኑን የተቀላቀለችው በ1996፣ ሶሎይስት የሆነችው በ2001 ነው። የእርሷ ጥበቃ 19 ዓመት ነበር፤ በማዕረጉ የቆየችው ግን እስከ 2020 ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዎን ሲመዝኑ ከሹመቱ ቀን ይልቅ የሚናዎቹን ዝርዝር እንዲከታተሉ እመክራለሁ፤ በባሌት ማዕረጉን ብዙ ጊዜ ሚናው ይቀድመዋልና። ኮፕላንድ «ስዋን ሌክ»ን በ2014 በአውስትራሊያዋ ብሪዝበን የደነሰችው ሶሎይስት ሆና ነው፤ በኒውዮርክም የደነሰችው ሹመቱ ሊነገር ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ጁን 24 ቀን ነበር።