ሚስጥራዊው የወይን ካርቶን፦ ሾላ በድፍን ገዝቼ ያገኘሁት

ቡሽ ነቃይዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ብሶትም አለበት።

ከአንድ የኦንላይን ወይን ሻጭ «ሚስጥራዊ ካርቶን» የሚሉትን ገዛሁ። ስሙን አልጠራም። 12 ጠርሙስ ይልኩልሻል፣ ምን እንደሚልኩ ግን አይነግሩሽም። ቀይ ይብዛ ወይስ ነጭ፣ የምትመርጪው እሱን ብቻ ነው። ገጹ ላይ «የእያንዳንዱ ካርቶን ዋጋ ከሚከፍሉት ቢያንስ እጥፍ ነው» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ከወርቃማ ጠርሙስ ፎቶ ጋር «አንዳንድ ካርቶኖች ውስጥ ሻምፓኝ አለ» የሚል ተጽፏል። የእኔ ዓይን እዚያች ጠርሙስ ላይ ቀረ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩ። ካርቶኑ ሲመጣ አንዱ ጥግ ረጥቧል። ባለቤቴ መቀስ፣ እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን መሬት ላይ ቁጭ አልን። መጀመሪያ የወጣው ሜርሎ የሚባለው ቀይ ወይን ነው፤ ሌብሉ ላይ ግንብ ተስሎበታል። «ያምራል» አልን። ሁለተኛውም ያው ግንብ። ሦስተኛውም። አራተኛው ሲወጣ ባለቤቴ «ውስጡ ፎቶ ኮፒ ማሽን አለ እንዴ?» አለኝ።

ቀጥሎ ሦስት ሮዜ፣ ሮዝ ቀለም ያለው ወይን፣ ወጣ፤ ሦስቱም የአራት ዓመት ናቸው። ከዚያ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ሁለት ነጮች። አንድ አረፋ ያለው ወይን፤ ልቤ ዘለለች፣ ገልብጬ ሳነበው ግን ሻምፓኝ አይደለም። ከዚያ አንድ የሪዮሃ ግራን ሬዘርቫ፣ ብዙ ዓመት የቆየ የስፔን ቀይ! እሱን ሳይ ጮህኩ። የመጨረሻው ቀይ ወይን ነው። አንገቱ ሙጫ እንደነካው ይጣበቃል፣ ቡሹ ደግሞ ከአፉ ከፍ ብሎ ፎይሉን ገፍቶታል። የካርቶኑ ጥግ የረጠበው በእሱ ነው።

አሁን ግራ የገባኝ ይሄ ነው። «እጥፍ ዋጋ» የሚሉት እውነት ነው? ባለ ግንቡን ሜርሎ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ከራሳቸው ገጽ በቀር የትም አጣሁት። የፈሰሰውንስ ምን ላድርገው? ደግሞ «የመጨረሻ ዕድል» የሚል ኢሜይል ልከውልኛል። እውነቱን ልናገር፣ እጄ እያሳከከኝ ነው።

---

የመጋዘን ልጅ

እህቴ፣ እንዲህ ዓይነት ካርቶን ሁለት ዓመት አሽጌያለሁ። የት እንደሆነ አትጠይቂኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ካርቶኑ በዕጣ አይሞላም። ዝርዝር አለው። የእኛው ማሸጊያ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። አንድ ሙሽራ፣ ሁለት ሦስት ሚዜ፣ ቀሪው ታዳሚ። እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው። ሙሽራዋ ስትከፍቺ የምታስጮህሽ ናት፤ ያንቺዋ ግራን ሬዘርቫዋ ነች። ሰው ፎቶ አንስቶ ለጓደኛው የሚልከው እሷን ነው። ግንቡን አራት ጊዜ ፎቶ የሚያነሳ የለም።

ታዳሚው ከየት ይመጣል? ሮዜሽን እንውሰድ። ሮዜ በየዓመቱ አዲስ ይመጣል፤ አብዛኛው በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ተብሎ የሚሠራ ነው። አዲሱ ሲገባ ያለፈው ዓመት መደርደሪያው ላይ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይብስበታል። ገጹ ላይ በግልጽ «የአራት ዓመት ሮዜ፣ በግማሽ ዋጋ» ቢሉ ማን ይገዛል? አምራቹም ቢሆን ስሙ ከትልቅ ቅናሽ ጎን ሲጻፍ ደስ አይለውም። ዛሬ በግማሽ ዋጋ ያየ ሰው ነገ ሙሉውን መክፈል ይከብደዋላ። ሚስጥራዊ ካርቶን ውስጥ ሲገባ ግን ስሙ የትም አይታይም። ሚስጥሩ የተፈለገው ለዚህ ነው። አንቺን ለማስደነቅ ብቻ እንዳይመስልሽ።

ወደ ግንቡ ልመለስ። ፍሌክሲታንክ የሚባል ትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት አለ። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጥ ተዘርግቶ እስከ 24,000 ሊትር ወይን ይይዛል። 32,000 ጠርሙስ መሆኑ ነው። ወይኑ በዚያ ተጭኖ ይሄድና የሚሸጥበት አገር ሲደርስ በጠርሙስ ይታሸጋል። ብርጭቆ ከአገር አገር ከማጓጓዝ በጣም ይረክሳል። ከዚያ ሻጩ የራሱን ስም ይለጥፍበታል። ግንቡን የሳለው ዲዛይነር ነው፤ ግንቡ ራሱ ላይኖር ይችላል። ወይኑ የግድ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ደህና የሚጠጣ ሞልቷል። ግን ሌላ ማንም የማይሸጠው ወይን «መደበኛ ዋጋ» ከየት ይመጣል? ሻጩ ራሱ የጻፈው ቁጥር ነው። እጥፍ ቢል፣ ሦስት እጥፍ ቢል ማን ይከለክለዋል?

ያንቺው እንደዚያ ይሁን አይሁን ለማወቅ የኋላ ሌብሉ ላይ ያሸገውን አንብቢ። እርሻው ራሱ ነው ወይስ ሌላ ቦታ ያለ ድርጅት?

---

ቡሽ ነቃይዋ

አሁን ገልብጬ አየሁት። ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ነው ያነበብኩት። ወይኑ ከአንድ አገር፣ ያሸገው ድርጅት ከሌላ አገር። የእርሻ ስም የለም።

ባለቤቴ እየሳቀብኝ ነው።

---

ደማሪው

ስለ ሻምፓኙ ብቻ ልናገር። «አንዳንድ ካርቶኖች» ማለት ስንት ነው? ከ10 አንዱ? ከ500 አንዱ? ካልጻፉ ጠይቂያቸው፤ ቁጥሩ የሚያኮራ ቢሆን ኖሮ በትልቁ ይጽፉት ነበር።

እስቲ ለጋስ እንሁንና ከ50 ካርቶን አንዱ ውስጥ አለ እንበል። ሻምፓኙም የተራ ጠርሙስ አስር እጥፍ ያወጣል እንበል። አስርን ለሃምሳ ስታካፍዪ 0.2 ይመጣል። የአንድ ተራ ጠርሙስ አንድ አምስተኛ። ጠርሙሱ 750 ሚሊ ሊትር ስለሆነ 150 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ያ ወርቃማ ፎቶ የጨመረልሽ አንድ ብርጭቆ ተራ ወይን ነው። እሱም በደጉ ግምት።

---

እማማ ቡሽ

ልጄ፣ የፈሰሰውን እንዳትደፊው! ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ተናደው ይደፉታል፣ ከዚያ ባዶ ጠርሙስ ይዘው ይከራከራሉ። መጀመሪያ ፎቶ አንሺ፦ ቡሹን ከጎን፣ የሚጣበቀውን አንገት፣ የረጠበውን ካርቶን። ጠርሙሱን ከነወይኑ አስቀምጪው።

ቡሹን የገፋው ሙቀት ይመስለኛል። ወይን ሲሞቅ ይሰፋል፣ መውጫ ሲያጣ ቡሹን ይገፋዋል። ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ለዚህ ይበቃል። ስትቀምሺው የተቀቀለ ፍሬ፣ ማርማላታ ማርማላታ የሚል ከሆነ አብቅቶለታል። ሌሎቹም አብረውት ስለተጓዙ አንድ በአንድ የሁሉንም አንገት በጣትሽ ዳብሺ።

ሌላ ጠርሙስ ደግሞ ስትከፍቺ እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ክፍል ከሸተተሽ እሱ ሌላ ጣጣ ነው፤ ቲ ሲ ኤ ይሉታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቡሹ የሚመጣ። በሊትር ጥቂት ናኖግራም ብቻ ኖሮ አፍንጫ ይለየዋል። ጤና አይጎዳም፣ ወይኑን ግን ይገድለዋል። ይህንንም ሻጩ መተካት አለበት፤ «ርካሽ ስለሆነ ነው» ብለሽ ዝም እንዳትዪ። ነጩ ሥር እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ነገር ብታዪ ግን አትደንግጪ። የወይኑ የራሱ አሲድ ነው ክሪስታል የሠራው።

ሮዜውን ዛሬውኑ ክፈቺ። ሮዝነቱ ጠፍቶ ወደ መዳብ ከሄደ ብዙ አትጠብቂ።

ግራን ሬዘርቫዋን ተንከባከቢያት። የሪዮሃ ቀይ ይህን ስም ለማግኘት ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ አምስት ዓመት መቆየት አለበት፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱን በእንጨት በርሜል። ከመክፈትሽ አንድ ቀን ቀድመሽ ቀጥ አድርገሽ አቁሚያት፤ አተላው ይዘቅጣል። ቡሿ አርጅቶ ሊሆን ስለሚችል ቀስ ብለሽ ሳቢ።

---

ባለስድስት

ሁላችሁም ካርቶኑን ቀበራችሁት። እኔ አራት ጊዜ ገዝቻለሁ፣ አምስተኛውንም እገዛለሁ።

ሜንሲያ የሚባል የወይን ዝርያ አለ፤ ከሰሜን ምዕራብ ስፔን ነው። በራሴ ፈቃድ በሕይወቴ አልገዛውም ነበር፤ ስሙን እንኳ እንዴት እንደሚጠራ አላውቅም። ከሚስጥራዊ ካርቶን ወጣልኝ። ዛሬ ቤቴ አይጠፋም። ምርጫ ሲሰጡኝ ሁሌ ያንኑ ካበርኔ ነው የማነሳው፤ ሰው ሌላ ሲመርጥልኝ ግን እማራለሁ።

ግን 12 አልገዛም። ስድስት ብቻ። አገሩን ወይም አካባቢውን የሚናገር፣ «ከአንድ ዓይነት ከሁለት ጠርሙስ በላይ አንልክም» ብሎ የጻፈ፣ ከተቻለም የምርት ዓመቱን የሚገልጽ ካርቶን እፈልጋለሁ። ሮዜ ይኖረዋል የሚል ካየሁ እዘለዋለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ስትከፍዪ ከታች በኩል ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ነበር? እኔን አንዴ ጉድ ሠርቶኛል። በየሦስት ወሩ እንዲላክልኝ ተስማምቼ ኖሯል። ሁለተኛው ካርቶን በሬ ላይ ሲቆም ነው የገባኝ። አካውንትሽን እዪ።

---

ቡሽ ነቃይዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሳምንት ሆነኝ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

የፈሰሰውን ፎቶ ላክሁ። መጀመሪያ «ለሚቀጥለው ግዢዎ የሚሆን ኩፖን» ሰጡኝ። ኩፖኑን አልፈልግም፣ የከፈልኩትን መልሱ ብዬ ጻፍኩ። በሁለት ቀን መለሱ። ከዚያ ቀመስኩት፤ እማማ እንዳሉት ማርማላታ።

ሮዜዎቹ ሦስቱም መዳብ ሆነዋል። ሁለቱ ምንም አይሉም፤ ውኃ የቀለም ትዝታ ይዞ የመጣ ይመስላሉ። ሦስተኛው በጣም ሲቀዘቅዝ ይጠጣል። ከነጮቹ አንዱ ግን ግሩም ነው፤ ባለስድስት፣ ሌብሉን አስቀምጬዋለሁ።

ግራን ሬዘርቫዋን አንድ ቀን ሙሉ አቆምኳት። ቡሿ ግማሽ ላይ ተሰበረብኝ። የቀረውን ወደ ውስጥ ገፋሁትና በሻይ ማጥለያ ቀዳሁ። ሽታው አሮጌ ቆዳና የደረቀ ፍሬ ነው። ባለቤቴ ከመጀመሪያው ብርጭቆ በኋላ ሳቁን ተወ። ለሩብ ሰዓት ያህል ሁለታችንም አላወራንም።

ከዚያ አካውንቴን ከፈትኩ። ሳጥኑ ላይ ምልክት አለ። የሚቀጥለው ካርቶን ቀን ተቆርጦለት እየጠበቀኝ ኖሯል! «ሰርዝ» የሚለውን ለማግኘት አራት ገጽ አልፌ፣ «እርግጠኛ ነዎት?» ተብዬ ሁለት ጊዜ ተጠይቄ፣ ልጫነው ስል ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ ኖሮ፦

«ቆይ፣ ሌላ ሙሽራ ብትመጣስ?»