ምስልና መድኃኒት በአንድ ቅንጣት፦ ይጣመሩ ወይስ ይለያዩ?

አወያይ፦ ለክርክር ያቀረብነው ጥያቄ ይህ ነው። ሲሊካ ከተባለው፣ አሸዋ በአብዛኛው ከተሠራበት ውሕድ የሚዘጋጁ ቀዳዳማ ናኖ ቅንጣቶች (በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች) በቀዳዳቸው የካንሰር መድኃኒት ይዘው፣ በዚያው ላይ በምስል ምርመራ የሚታይ ምልክት ተሸክመው ዕጢው ጋ እንዲደርሱ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲደክሙ ቆይተዋል። በሕዝብ ገንዘብ የሚደጎመው ምርምር ሁለቱን ሥራ በአንድ ቅንጣት ማጣመሩን ይቀጥል ወይስ ይለያያቸው?

ኬሚስቱ፦ ይቀጥል ባይ ነኝ። የሞቢል ኩባንያ ተመራማሪዎች ኤምሲኤም 41 የተባለውን ሲሊካ እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ ሲያደርጉ ዓይናቸው የነበረው ነዳጅ ማጣሪያው ላይ ነው። በ2001 ግን የማድሪድ ተመራማሪዎች የሕመም ማስታገሻውን አይቡፕሮፌን ሞልተውበት ቀስ እያለ ሲለቅ አሳዩ። የአንድ ግራሙ ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ ወደ 1000 ካሬ ሜትር ይደርሳል። መድኃኒቱን ቀዳዳው ውስጥ፣ የምስሉን ምልክት ግድግዳው ላይ፣ ዕጢ ፈላጊውን ሞለኪውል ደግሞ በውጭው ገጽ ማኖር ይቻላል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሻማም። የቀዳዳው ክዳንም በሕዋሱ ውስጥ አሲድ ሲያገኘው እንዲከፈት ተደርጎ ይሠራል። እንዲህ ያለ ነገር በእጃችን እያለ ግማሹን ብቻ እንጠቀም ማለት አይገባኝም።

ራዲዮሎጂስቷ፦ ቦታ አለ ማለትዎ እውነት ነው፤ ጊዜውና መጠኑስ? ለምስል የሚሰጥ ነገር ከደም ቶሎ እንዲወጣ እንፈልጋለን፤ ደሙ ካልጠራ ዕጢው ከዙሪያው ተለይቶ አይታይም። መድኃኒት ተሸካሚው ግን ደም ውስጥ በቆየ ቁጥር ዕጢው ጋ የመድረስ ዕድሉ ይጨምራል። ታዲያ አንዱ ቅንጣት ለየትኛው ይታዘዝ? በፔት ምርመራ፣ ማለትም ጨረር አፍላቂ ምልክትን ተከትሎ ምስል በሚያነሳው፣ እጅግ ጥቂት ምልክት ይበቃናል፤ ኬሞቴራፒ ግን በዚያ መጠን ምንም አይፈይድም። በኤምአርአይ ይሁን ካሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚጫነው ምስሉን የሚያጎላው ብረት፣ ጋዶሊኒየም ነው፤ እሱም ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ከሚሰነብተው ቅንጣት ጋር አብሮ ይሰነብታል፣ በየዙሩም ይደገማል። አንዳንድ የጋዶሊኒየም ዝግጅቶች ኩላሊታቸው በደከመ ሕሙማን ላይ ቆዳንና የውስጥ አካልን የሚያደነድን በሽታ እንደሚያስከትሉ ከታወቀ ቆይቷል።

ከሁሉ የሚብስብኝ ግን ሌላ ነው። በምስሉ የማየው ቅንጣቱን እንጂ መድኃኒቱን አይደለም። መድኃኒቱ መንገድ ላይ ፈስሶ ባዶው ቅንጣት ዕጢው ውስጥ ቢያበራ እኔ «ደርሷል» ብዬ ሪፖርት እጽፋለሁ።

አስታማሚ፦ ይቅርታ፣ ከመሐል ልግባ። የባለሙያ ጥያቄ አይደለም፤ እናቴን የማስታምም ሰው ነኝ። ሲሊካ የድንጋይ ጠራቢዎችን ሳንባ የሚጎዳው አቧራ አይደለም እንዴ?

ኬሚስቱ፦ ያ ክሪስታል የሆነው ሲሊካ ነው፤ በካንሰር አምጪነት የተመደበውም እሱ ነው። የእኛው ክሪስታል ያልሆነው ዓይነት ነው። ኢ551 ተብሎ ዱቄት ነክ ምግቦች እንዳይጓጉሉ ይጨመራል፤ ሰውነት ውስጥም ቀስ በቀስ ወደ ሲሊሲክ አሲድ ሟሙቶ በሽንት ይወጣል።

ፋርማሲስቱ፦ የሚበላው በደም ሥር ከሚገባው ጋር አንድ አይደለም፣ ወንድሜ። ያልተሸፈነ የሲሊካ ገጽ ቀይ የደም ሕዋስን ያፈነዳል። ፖሊኢትሊን ግላይኮል በተባለ ፖሊመር ሲሸፍኑት ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ይህን መናገር ነበረብዎ። እህታችን የጠየቁት ለእናታቸው ነው።

ኬሚስቱ፦ ሽፋኑን ማን ይረሳል? ደግሞም በሰው ላይ ተሞክሯል። የኮርኔል ነጥቦች የሚባሉት የሲሊካ ቅንጣቶች ጨረር አፍላቂ የሆነውን አዮዲን 124 ተሸክመው ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ለተሰራጨባቸው 5 ሕሙማን ተሰጥተው ውጤቱ በ2014 ታትሟል። ከባድ ጉዳት አልታየም።

ፋርማሲስቱ፦ ታትሟል፤ ግን ምስክርነቱ ለእርስዎ አይሆንም። እነዚያ ቅንጣቶች ስፋታቸው ከ6 እስከ 7 ናኖሜትር (አንዱ የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ነው፤ ቀዳዳማ አይደሉም፣ መድኃኒትም አልያዙም። በኩላሊት የወጡት ስላነሱ ነው። ከ2 እስከ 3 ናኖሜትር የሚሰፉ ቀዳዳዎች ደርድሬ በቂ መድኃኒት ልጫን ካሉ ቅንጣትዎ 50 ወይም 100 ናኖሜትር ይሆናል፤ ያኔ ኩላሊት አያሳልፈውም፣ ጉበት ይይዘዋል። በትንሹ ደኅንነት ትልቁን ማስፈቀድ አይቻልም።

ኬሚስቱ፦ እሺ፣ በቁጥር ልሟገት። በ2016 የወጣው የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ በእንስሳት ላይ ከተሰጠው የናኖ ቅንጣት መጠን ዕጢው ጋ የደረሰው በመካከለኛ ግምት 0.7 በመቶ ብቻ ነበር። ከዕጢ ዕጢም በጣም ይለያያል። ታዲያ የማን ዕጢ እንደሚቀበልና የማን እንደማይቀበል ሳናይ ዝም ብለን እንስጥ?

ራዲዮሎጂስቷ፦ ማየቱንማ ማን ጠላ! ሆርሞን ከሚያመነጩ ሕዋሳት በሚነሳው በኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ ሕክምና እያየን አይደለም እንዴ የምንሰጠው? መጀመሪያ ለምስል የሚሆን ጨረር አፍላቂ፣ ጋሊየም 68 የያዘውን ሰጥተን ዕጢው መቀበሉን በፔት እናረጋግጣለን፤ ከዚያ በጨረሩ ዕጢውን የሚገድለውን፣ ሉቴሺየም 177 የያዘውን እንሰጣለን። አሜሪካ በ2018 ፈቅዳዋለች። ሁለቱ የሚያነጣጥሩት አንድ ቦታ ነው፤ መርፌያቸው ግን ለየቅል፣ መጠናቸውም ለየቅል።

ኬሚስቱ፦ እነዚያ ትናንሽ ሞለኪውሎች ናቸው። በቅንጣት ስንሄድ የዛሬው ምስል የነገውን መርፌ ጉዞ ለመተንበዩ ማን ዋስ ይሆናል? የዕጢው የደም ሥር ቅንጣት የማሳለፍ አቅሙ እንኳ በሕክምናው መሐል ይለወጣል። እኔ የምፈልገው ያንኑ መርፌ ማየት ነው።

አስታማሚ፦ አንድ ነገር ብቻ። ምስሉ መድኃኒቱ አልደረሰም ቢል ምን ታደርጋላችሁ?

ኬሚስቱ፦ ሁለተኛውን ዙር አልሰጥም፤ ሕክምናው ይቀየራል።

ራዲዮሎጂስቷ፦ የመጀመሪያውን ዙር ግን ተወግተውታል።