ጥቁሯ መኪናዬ ጉም ለበሰች፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ወገኖች፣ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ነሐሴ ላይ ደሴ ውስጥ የጥቁሯን ቪትዜን ኮፈን አስቀባሁ። ቀኑ ዝናብና ጉም ነበር፤ የጦሳ ተራራ እንኳ አይታይም። ቀለሙ ሲደርቅ መዳፍ የሚያህሉ ነጣ ያሉ ደመናዎች ወጡበት። ውሃ ሳፈስበት ይጠፋሉ፣ ሲደርቅ ተመልሰው ይመጣሉ። በጥፍሬ ስነካው ለስላሳ ነው፣ አይላጥም። ሁለቴ በፖሊሽ አሸሁት። ጠርዙ ላይ ትንሽ ለቀቀ፣ መሃሉ ግን ንቅንቅ አላለም።

አንዱ ቀቢ «እርጥበት ክሊሩ (ከቀለሙ በላይ የሚቀባው አንጸባራቂ ሽፋን) ውስጥ ገብቷል፤ ቶሎ የማይደርቅ ቲነር በስሱ ይረጭበት» አለኝ። ሌላው በውሃ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሽቶ በኮምፓውንድ (ጭረት በሚያጠፋ ማለስለሻ ቅባት) መወልወል ይበቃል ይላል። እኔ ደግሞ ክሊሩ ተበልቶ እንዳያልቅ ፈራሁ። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል እዚያ ወስጄ ላሠራው? የገጠመው ካለ፣ በምን እንደለቀቀለት ይንገረኝ።