የቀነስኩትን ኪሎ እንዴት ላቆየው? (ፒሲኦኤስ ላለባቸው እህቶች)

አደይ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ እህቶቼ። 31 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የወር አበባዬ አምስት ወር ሙሉ ሲቀር ተመርምሬ ፒሲኦኤስ፣ ማለትም ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የሚባል የወር አበባን የሚያዛባ የሆርሞን ችግር እንዳለብኝ ተነገረኝ። ያኔ 86 ኪሎ ነበርኩ። በ11 ወር 74 ደረስኩ፤ የወር አበባዬም በየ35 ቀኑ መምጣት ጀመረ። በዐቢይ ጾም ምንም አልጨመርኩም። ከፋሲካ ወዲህ ግን 78 ገባሁ። ለዚሁ የታዘዘልኝን ሜትፎርሚን የሚባል ክኒንም ሆዴን ስላወከኝ በራሴ ፈቃድ አቁሜዋለሁ። እናቴ ደግሞ «አጥንትሽ ወጣ» እያለች ጉርሻ ታከታትልብኛለች። መቀነሱን ችዬበት ነበር፤ ማቆየቱ ነው ያቃተኝ።

ሎሚ ሻይ፦
ጠዋት ጠዋት ሎሚ በሞቀ ውሃ ጠጪ። ጥቁር አዝሙድም ጨምሪበት። ኪሎዬን የያዘልኝ እሱ ነው።

ባለ ጀሪካኗ፦
እህቴ አትቀየሚኝ፤ ሎሚ በስኳር ሻይ ምትክ ከተጠጣ ይጠቅማል፤ ስብ ግን አያቀልጥም።

አደይ፣ በመጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራው። ከ86 ወደ 78 መውረድ ማለት አሁንም ከመነሻሽ 9 በመቶ ቀንሰሻል ማለት ነው። ብዙ ሴቶች የወር አበባቸው የሚስተካከለው ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲቀንሱ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ተበላሸ ብለሽ አትደንግጪ።

እኔም ከከሳሁ በሁለተኛው ዓመቴ 5 ኪሎ ተመልሶብኝ ነበር። ሐኪሜ ያስረዳችኝ እንዲህ ነው፦ ሰው ሲከሳ ረሃብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ይጨምራል፣ ጥጋብን የሚያሳውቀው ይቀንሳል። የቀለለ ሰውነት ደግሞ የሚያቃጥለው ጉልበት ያንሳል። 86 ኪሎ ሳለሽ ያከሳሽ ምግብ 74 ላይ ስትደርሺ ባለሽበት ያቆይሻል እንጂ አያከሳሽም። ከዚያ ላይ ትንሽ ሲጨመርበት ይታያል። ስንፍና አይደለም።

የእኔ ችግር እንደ አንቺው ፍስክ ነበር። በጾም ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና አዚፋ እበላለሁ፤ ፋሲካ ሲደርስ እነዚህ ሁሉ ከቤት ይጠፋሉ። አሁን የጾሙን ወጥ ዓመቱን ሙሉ አልተውም፤ በፍስክ እንቁላል ወይም ቀይ ሥጋ እጨምርበታለሁ እንጂ አልተካውም። እንጀራውን በትሪ ሙሉ አላነጥፍም፤ ግማሹን አጥፌ ከጎን አስቀምጣለሁ፣ ጎመኑንና ምስሩን አስቀድማለሁ። እንጀራ ጠላት አይደለም፤ መጠኑ ነው።

ሁለተኛው ጡንቻ ነው። ስንከሳ ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ይሄዳል፤ ጡንቻ ደግሞ ስኳርን ከደም ይወስዳል፣ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን ኢንሱሊን ለሚያስቸግረን ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ጂም የምከፍለው ገንዘብ ስላልነበረኝ ሁለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቼ በሳምንት ሁለት ቀን አነሣለሁ፤ ከወንበር ብድግ ቁጭ እላለሁ። የቀረውን በእግሬ እሄዳለሁ። ኪሎ እንዳይመለስ የሚመከረው በሳምንት 250 ደቂቃ ያህል እንቅስቃሴ ነው፤ ሲካፈል በቀን 36 ደቂቃ አይሞላም። ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ።

የፋርማሲ ባለሙያ፦
ስለ ሜትፎርሚኑ ልናገር። የማክሻ ክኒን አይደለም፤ ዋናው ሥራው ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ማሻሻል ነው። ሆድ የሚያውከው በተለይ በጅማሬ ላይና በባዶ ሆድ ሲወሰድ ነው። ከምግብ ጋር፣ ከትንሽ መጠን ተነሥቶ ቀስ በቀስ ሲጨመር ብዙዎች ይለምዱታል፤ ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ዓይነትም አለ። ይህን ለሐኪምሽ ንገሪ እንጂ ብቻሽን አትጀምሪ፣ ብቻሽን አታቁሚ። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል፤ ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ስለሆነ አጥብቆ ለሚጾም ሰው ደግሞ መመርመሩ ይበልጥ ያስፈልጋል። የወር አበባሽ እንደገና ከ3 ወር በላይ ከቀረ አትጠብቂ፤ የማኅፀን የውስጥ ሽፋን ያለ ልክ እንዳይወፍር መታየት አለበት። ሌላም አለ፦ የወር አበባ ሲስተካከል እርግዝናም ይመጣል። ካልፈለግሽው መከላከያ ያዢ።

የሦስት ልጆች እናት፦
ለእናትሽ «ሐኪም ከለከለኝ» በያት። እኔ ለአማቴ «ልክበር ወይስ ልታመም?» ብዬ አንድ ጉርሻ ብቻ እቀበላለሁ። ቡና ላይም ስኳሩን ተውኩት፤ ሁለት ሳምንት መረረኝ፣ አሁን ጣፋጩ ነው የሚያስጠላኝ።

አደይ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ጀሪካኑንም ዛሬ ሞላሁት። እስከዚያ በየቀኑ ልመዘን?

ባለ ጀሪካኗ፦
በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል፤ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበዪ፣ በዚያው ሚዛን። የወር አበባሽ ሊመጣ ሲል ሰውነት ውሃ ስለሚይዝ የዚያን ሳምንት ቁጥር አትቁጠሪው። ከ76 ወዲያ ሲያልፍ ግን የበላሽውን ለአንድ ሳምንት በደብተር ጻፊ፤ እኔ ሳላስበው የምበላውን ፈንዲሻ ያገኘሁት እዚያ ነው።

አደይ፦
76ን አልፌዋለሁ እኮ። ደብተሩን ከዛሬ ማታ እጀምራለሁ።